የጤና መድን ካርድ በሐዋሳ፦ ካርዱም ሊመጣ የታሰበው ለውጥም ሲመዘን

ሐዋሳ ውስጥ የጤና መድን ካርድ ይዞ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው አገልግሎቱን የሚመዝነው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ካርድ ክፍል ሳይከፍል ያልፋል፣ ሐኪሙ ሳያስከፍል ያየዋል፣ ላብራቶሪው ደሙን በነፃ ይወስዳል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ባለሙያዋ ማዘዣውን አንብባ ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱን ትሰጠውና ሁለቱን «ውጭ ግዛ» ትለዋለች። ሰውየው ያኔ «ታዲያ መድኑ ለምኔ ነው?» ይላል። በአገር ደረጃ ስለ ጤና መድን ማሻሻያ የሚደረገው ክርክር ሁሉ፣ አባልነት ግዴታ ይሁን አይሁን፣ መዋጮው ስንት ይሁን፣ ቋቱ (መዋጮው የሚጠራቀምበት የጋራ ገንዘብ) የት ይቀመጥ የሚለው ሁሉ መመለስ ያለበት ይህን ሰው ነው። ይህ ግምገማ ካርዱን አሁን ባለበት መልክ፣ ማሻሻያውን ደግሞ በሐሳብ ደረጃ ይመዝናል።

በመጀመሪያ ሁለት መድኖችን እንለይ፤ ሰው ሁልጊዜ ያምታታቸዋል። አንደኛው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ደመወዝተኛ ላልሆነው፣ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጠው የተዘጋጀ ነው። በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ያኔ በደቡብ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በኦሮሚያ 15 ብር ነበር። ሁለተኛው ማህበራዊ ጤና መድን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታወጀ፣ ደመወዝተኛንና ጡረተኛን የሚመለከት። ታውጆም በተደጋጋሚ የመጀመሪያ ቀኑ ሲገፋ ኖሯል። ሐዋሳ ላይ ሰዎች «ካርድ አለኝ» ሲሉ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ነው።

ለመዋጮው ምን ይገኛል? የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፦ አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች። ከ18 በላይ የሆነ ልጅ፣ እህት፣ አያት ቤቱ ውስጥ ካለ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል። የተመላላሽ ህክምና፣ ተኝቶ መታከም፣ ላብራቶሪ፣ ኤክስሬይና አልትራሳውንድ፣ ቀዶ ጥገና፣ በተቋሙ ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት ይሸፈናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገናና የውጭ አገር ህክምና አይሸፈኑም። የመኪና አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ጉዳይ ስለሆነ ተጎጂው መጀመሪያ በዚያ በኩል ይሄዳል። የቲቢ ህክምና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በጤና ጣቢያ ድሮም ለሁሉም ነፃ ናቸው። ካርድ ሻጩ «ወሊድ ነፃ ይሆንልሻል» ካለ የሌለ ነገር አልጨመረም።

ከመንግሥት ወገን ሁለት ድጎማ አለ። አንዱ ለሁሉም አባል መዋጮ የሚታከል ሲሆን ከፌዴራል የሚመጣ ነው፤ በሙከራው ጊዜ 25 በመቶ ነበር፣ ኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ሌላው መክፈል ለማይችሉት ቤተሰቦች መዋጮውን ክልልና ወረዳ የሚሸፍኑበት ነው። እነዚህ ቤተሰቦች የሚመረጡት በቀበሌ ነው። ስማቸው ካልተነሳ በራሳቸው ሄደው መጠየቅ ይችላሉ፣ መጠየቅም አለባቸው፤ በከተማ ኪራይ ቤት ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዘዋወር ቤተሰብ ከዝርዝሩ በቀላሉ ይወድቃልና።

ምዝገባው ራሱ ከባድ አይደለም። የቤተሰቡ ኃላፊ መታወቂያ፣ የሁሉም አባላት ጉርድ ፎቶ፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ ከዚያ መዋጮው። ስህተት የሚፈጠረው በጥቃቅኑ ነው። ፎቶ ያልተለጠፈለት ልጅ ካርድ ክፍል ላይ ይመለሳል። ስሙ በመድን ካርዱ ላይ «አበበ»፣ በመታወቂያው ላይ «አበባው» የሆነ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ይታገዳል፤ ስለዚህ ከቀበሌው ሳትወጡ ሁሉንም ስም ከመታወቂያ ጋር አስተያዩ። ሕፃን ከተወለደ ለመታከም እስኪታመም አትጠብቁ፣ አስጨምሩ። ለከፈላችሁት ገንዘብ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ካርዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ በቃል ሳይሆን በማህተም አስጽፉ። ዕድሳቱ በየዓመቱ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ካርዱ ወረቀት ነው። ዕድሳቱን የሚዘነጋ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ታሞ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የምዝገባው ወቅት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አካሄዱ ከታች ወደ ላይ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ጤና ጣቢያ መግቢያው በር ነው፤ ከዚያ ሐኪሙ ካመነበት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ሐዋሳ ላይ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ አዳሬ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሰው በአጭሩ «ሪፈራል» ወደሚለው የዩኒቨርሲቲው ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይወስዳል። ሪፈር ሳይጻፍለት በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አባል በአሠራሩ ግማሹን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል። ይህ ቅጣት ለምን እንደተቀመጠ ሰዎች አይነገራቸውም። ጉንፋን ይዞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ቋቱ ላይ የሚጥለው ወጪ ጤና ጣቢያ ቢታከም ከሚያስወጣው በብዙ ስለሚበልጥ ነው። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር አይጠየቅም። በድንገተኛ ጊዜ አንዱ ቤተሰብ ካርዱን ይዞ በዚያው ቀን ካርድ ክፍል ይድረስ፤ ጥሬ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ካርድ ቢቀርብ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ያስቸግራል።

የሪፈር ወረቀት ላይ ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ አራት ነገር እዩ፦ የመድን መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ የተቋሙ ማህተም። አንዱ ከጎደለ ሆስፒታሉ ሊመልሳችሁ ይችላል፣ ተመልሶ ለማስሞላት ደግሞ ባጃጅ ወዲህ ባጃጅ ወዲያ ነው። ቀጠሮ ከተሰጣችሁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አዲስ ሪፈር ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ።

አሁን ወደ መስኮቱ። ስኳር ያለበትን ሰው እንውሰድ። ባለ 10 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ብልቃጥ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ነው። በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። ጤና ጣቢያው «ለአንድ ወር» ብሎ አንድ ብልቃጥ ከሰጠው በየወሩ አምስት ቀን ያህል ይጎድለዋል። በዓመት የሚያስፈልገው 14,600 ዩኒት፣ ማለት 15 ብልቃጥ ነው፤ በወር አንድ ከተሰጠው የሚያገኘው 12 ነው። ሦስቱን ብልቃጥ ወይ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ወይም መጠኑን በራሱ ይቀንሳል። መጠኑን የቀነሰው ከወራት በኋላ እግሩ ቆስሎ ወይም ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይገባል፣ ያ ወጪ ደግሞ ከዚያው ቋት ይከፈላል። ለዚህ መፍትሔው ሐኪሙ ማዘዣው ላይ «1 ብልቃጥ» ብሎ ከመጻፍ የቀኑን ዩኒትና የቀናቱን ብዛት እንዲጽፍ መጠየቅ፣ ቀጠሮውንም በ25 ቀን ማድረግ ነው። ለደም ግፊትና ለአስም መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ክኒኑን ከቀጠሮው ቀን ጋር አባዝታችሁ ቁጠሩ።

መድኃኒቱ ጭራሽ ከሌለስ? ማዘዣው ላይ «በተቋሙ የለም» የሚል ማህተምና ፊርማ አስደርጉ፤ በቃል የተነገረ «የለም» ዋጋ የለውም። መድኑ ውል ያሰረበት ሌላ የመንግሥት ወይም የማህበረሰብ መድኃኒት ቤት ካለ ወደዚያ ውሰዱት። ውጭ ከገዛችሁ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ ያዙ። ተመላሽ የሚፈቅድ መድን ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀው እነዚህን ነው፣ ማህተም ያለበት ማዘዣ፣ ደረሰኝና ካርዱ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ለማስታወሻ ይጠቅማል እንጂ ለተመላሽ አይበቃም።

መድኃኒት የሚጠፋው ለምንድነው የሚለውን ብዙ ሰው በሌብነት ብቻ ያብራራዋል። ሌብነት ካለ ይጠየቅ፤ ዋናው ችግር ግን የገንዘብ ዑደት ነው። ጤና ጣቢያው አባላቱን በዱቤ ያክማል፣ በየሦስት ወሩ ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፣ የመድኑ ባለሙያ የታካሚዎቹን የህክምና ካርዶችና ማዘዣዎች ኦዲት ያደርጋል፣ ከዚያ ይከፈላል። ከህክምናው እስከ ክፍያው ድረስ አራትና አምስት ወር ሲያልፍ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። ለመድኃኒት አቅራቢው ካልከፈለ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ኦዲቱ ላይ ደግሞ ፊርማ የሌለው ማዘዣ፣ በህክምና ካርዱ ላይ ያልተመዘገበ ምርመራ፣ የማይነበብ የመድን ቁጥር እየተቆረጠ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ጤና ጣቢያው ያወጣውን ሁሉ አይመለስለትም። አባሉ መድኃኒት ሲያጣ በዓመቱ መጨረሻ አያድስም። የማያድሰው ደግሞ ጤነኛው ነው፤ ሕመምተኛው ያድሳል። ቋቱ ሲቀንስ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል።

ሒሳቡን በምሳሌ ብናይ፦ አንድ ቋት 4,000 ቤተሰብ አለው እንበል፣ እያንዳንዱ 1,000 ብር ያዋጣል፤ 4 ሚሊዮን ብር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አራት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዶ በአንድ ጉብኝት 200 ብር ቢያስወጣ 3.2 ሚሊዮን ይሄዳል። የሚተርፈው 800,000 ብር ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በቀዶ ጥገና 20,000 ብር የሚያስወጣ ሰው 40 ቢሆን አለቀ፤ 41ኛው ሲመጣ መድኑ ዕዳ ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር የወሰድነው ለማስያ እንጂ ከየትኛውም ክፍለ ከተማ መዝገብ አይደለም። ትንሽ ቋት እንዴት እንደሚሰበር ግን ያሳያል። አንዱ ክፍለ ከተማ በዓመቱ 60፣ ሌላው 20 ከባድ ሕመምተኛ ሊገጥመው ይችላል። ስምንቱ የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንድ ላይ ቢሆኑ የአንዱን ጭነት ሌላው ይሸከማል። ስለዚህ በማሻሻያው ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ጠንካራው ቋቱን ከወረዳ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ማንሳት የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ተቃውሞው ግን መናቅ የለበትም። ገንዘቡ ከቀበሌ ሲርቅ አዋጪው ጠያቂነቱን ያጣል የሚሉ አሉ፤ በደንብ የሰበሰበና በደንብ የተቆጣጠረ ወረዳ ያልሰበሰበውን ይሸከማል የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለዚህ መልሱ ቋቱን አንድ አድርጎ ሒሳቡን ግን በየክፍለ ከተማው በየሩብ ዓመቱ መለጠፍ ነው፦ ስንት አባል፣ ስንት ብር ገባ፣ ለየትኛው ተቋም ስንት ተከፈለ፣ ስንት ጥያቄ ሳይከፈል ቀረ። እድር በየወሩ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያነባል፤ መድኑ ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይገባም።

አባልነቱን ግዴታ ማድረግ የሚለው ነጥብ ላይ ክርክሩ ይጋጋላል። ደጋፊዎቹ የሚሉት ሒሳቡ የሚሠራው ጤነኛውም ሲያዋጣ ነው፤ በፈቃድ ሲሆን የታመመ ብቻ ይመዘገባል። ትክክል ነው። ብዙ ሰው መድኑን እንደ እቁብ ያየዋል፣ «ዓመቱን ሙሉ አልታከምኩም፣ ገንዘቤ የት ሄደ?» ይላል፤ ገንዘቡ የሄደው የጎረቤቱ ልጅ ትርፍ አንጀት በተቆረጠ ጊዜ ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መድኃኒት በሌለበት ማስገደድ ግብር መጨመር ነው ይላሉ። በእኔ ግምት ግዴታው ትክክለኛ መድረሻ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ለጤና ተቋማት የሚከፈለው ገንዘብ በውሉ ጊዜ ይከፈል፣ ለምሳሌ የጥያቄው ገሚስ በቅድሚያ፣ ቀሪው ከኦዲት በኋላ። ቀጥሎ መሠረታዊ የሚባሉ መድኃኒቶች ዝርዝር መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፣ ከዝርዝሩ የጠፋው መድኃኒት ውጭ ሲገዛ ተመላሹ መብት ይሁን። ከዚያ በኋላ ግዴታ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሰው ካርዱን የሚያየው የመታወቂያ እድሳት ወይም የንግድ ፈቃድ ለማግኘት እንደሚከፈል መቀጮ ነው።

መዋጮውን በገቢ መደልደል የሚለውም ፍትሐዊ ነው፤ ፒያሳ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ያለውና አቶቴ ላይ ቆሎ የምትሸጠው እናት እኩል መክፈላቸው ልክ አይደለም። ችግሩ ገቢን ማን ይለካል የሚለው ነው። ግብር ከፋዩን በግብር መዝገቡ መለየት ይቻላል። በቀን ገቢ ለባለቤቱ እየሰጠ የሚሠራው የባጃጅ ሹፌር ግን መዝገብ የለውም። ቀበሌ በግምት ከደለደለው ቅሬታው አያልቅም። ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖርና መለያው የሚታይ ነገር ቢሆን፣ ማለት የቤት ባለቤትነት፣ ንግድ ፈቃድ፣ ተሽከርካሪ፣ ክርክሩ ይቀንሳል።

ደመወዝተኛውን በተመለከተ ሒሳቡ ሌላ ነው። በማህበራዊ ጤና መድን የተቀመጠው መዋጮ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነው፣ ከጡረተኛ 1 በመቶ። 9,000 ብር ደመወዝ ያለው መምህር በወር 270 ብር፣ በዓመት 3,240 ብር ይቆረጥበታል፤ የጡረታው 7 በመቶ 630 ብር ላይ ሲደመር 900 ብር በወር ነው። ይህ ገንዘብ ባለው የኑሮ ውድነት የሽሮና የዘይት ገንዘብ ነውና መምህሩ «ምን አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በዚሁ መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 ከማይሸፈኑት ውስጥ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአካል ንቅለ ተከላና ለረጅም ጊዜ የሚደረግ የኩላሊት እጥበት ይገኙበታል። የኩላሊት እጥበቱ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ቤተሰብን ወደ ድህነት የሚገፋው ወጪ ይህ ነው፤ መድን ደግሞ የተፈለገው ለእንዲህ ያለው ወጪ ነው። ማሻሻያው ደመወዝተኛውን ሊያሳምን ከፈለገ ከዚህ ይጀምር።

በሐዋሳ አንድ ክፍተት ብቻውን ትኩረት ይፈልጋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማና ከአጎራባች ወረዳዎች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሦስትና ለአራት ሆነው በአንድ ክፍል ኪራይ ይኖራሉ። ደመወዝተኛ ስለሆኑ የማህበረሰብ አቀፉ መድን የእነሱ አይደለም፤ ማህበራዊው ደግሞ አልጀመረላቸውም። ቤተሰቦቻቸው ገጠር አባል ቢሆኑም እነሱ ከ18 በላይ ስለሆኑ ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለላቸው ካርዱ ላይ የሉም፣ ቢኖሩም እንኳ ካርዱ የሚሠራው የወረዳቸው ጤና ጣቢያ ነው። ቅዳሜ ማታ ከባድ የሆድ ሕመም የያዛት ልጅ ሸበዲኖ ድረስ ሄዳ ሪፈር ታጽፍ ማለት አይቻልም። ካርዱ በሁሉም ውል ባለው ተቋም እንዲሠራ፣ ክፍያው ደግሞ በወረዳዎቹ መካከል እንዲወራረድ ካልተደረገ፣ ለተንቀሳቃሽ ሠራተኛ መድን አለ ማለት አይቻልም። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር አባልነትን በየትኛውም ካርድ ክፍል ለማረጋገጥ ሊያገለግል ስለሚችል ከቴክኒክ ይልቅ የሚጎድለው የማወራረድ ውሉ ነው።

እንግዲህ ካርዱን ማሳደስ ይገባል ወይ ለሚለው፣ ሕፃን ልጅ፣ አዛውንት፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ላለበት ቤት፣ አዎ፣ ያለ ማመንታት። መድኃኒቱ ግማሹ እንኳ ቢጠፋ ምርመራው፣ መኝታውና ቀዶ ጥገናው ብቻ መዋጮውን ይመልሳል። ጤነኛ ወጣት ብቻውን ለሚኖርበት ቤት ውሳኔው ይከብዳል፤ እሱንም ቢሆን የሚያሳድሰው ትርፍ አንጀትና የባጃጅ መገልበጥ ቀጠሮ ይዘው ስለማይመጡ ነው፤ የባጃጁ አደጋ ግን መጀመሪያ በሦስተኛ ወገን መድን በኩል ይሄዳል። የመስኮቱን ችግር የሚያውቅ አባል በየወሩ ለመድኃኒት ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ አለበት፤ በአሁኑ ሁኔታ መድኑ ይህን አያስቀርም።

ቀበሌ ላይ ስለ ማሻሻያው ስብሰባ ሲጠራ የሚያዋጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለፈው ሩብ ዓመት የኛ ጤና ጣቢያ ከመድኑ ስንት ብር ጠየቀ፣ ስንት ተከፈለው፣ ቀሪው መቼ ይከፈላል? አወያዩ በእጁ ቁጥሩ ከሌለ ቀጠሮ ይስጥ፣ ቀጠሮውም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።